ስንት ኩንታል ያጠምዳሉ?

ጣጣው ሁሉ የመጣው በአንድ አረንጓዴ የጨርቅ ከረጢት ነው። ታላቅ ወንድሜ ከሚኒሶታ ሲመጣ ለኔ የያዘው ጫማ ወይ ያገለገለ ስልክ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ ከረጢቱን አውጥቶ ጭኔ ላይ አጋደመልኝ። ፈታሁት። ሦስት ቦታ ተከፍሎ አንዱ በአንዱ ውስጥ የሚሰካ ዘንግ፣ ክር የተጠመጠመበት መዘውር፣ በትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ደግሞ በየመጠኑ የተደረደረ መንጠቆ።

«ጡረታ ወጥተሃል። ቤት ተቀምጠህ ሰው ከምትነዘንዝ ዓሣ አጥምድ» አለኝ።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ተባረክ!» ስትለው ሰማሁ።

የምኖረው ላፍቶ ነው። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ሞልቶ የተረፈው ብሎኬት፣ ኮንዶሚኒየምና የታክሲ ሰልፍ ነው። ውሃ ከተባለ ያለን ትንሹ አቃቂ ነው፤ እሱንም ድልድዩን የሚሻገር ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ነው የሚያልፈው። ወንድሜ ግን ስንት ዘመን የኖረው የመኪና ሰሌዳው ላይ ሳይቀር «አሥር ሺህ ሐይቅ» ተብሎ በሚጻፍበት አገር ነው። ሰው ሁሉ ከቤቱ ጀርባ ሐይቅ ያለው ይመስለዋል።

እውነቱን ልናገርና፣ ልቤን የሰረቀው ዘንጉ አይደለም። ከከረጢቱ የጎን ኪስ አንድ መጽሐፍ ወጣ። ስቴቱ በየዓመቱ ለአጥማጆች የሚያትመው የደንብ መጽሐፍ ነው። እኔ ደግሞ ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ሌላው ሰው ቁርጥ ሲያይ ምራቁን እንደሚውጠው እኔ አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ ሳይ ያደርገኛል። መነጽሬን አደረግሁና ወንድሜን እያስተረጎምኩ እስከ እኩለ ሌሊት አነበብኩት። እዚያ አገር ሰው በክፍት ውሃ የሚጥለው አንድ ክር ብቻ ነው፤ ብርዱ ገብቶ ሐይቁ በረዶ ሲሆን፣ በረዶውን በስቶ ለሚያጠምድ ግን ሁለት ይፈቀድለታል። ዋልአይ የሚባለው ዓሣ ወቅቱ የሚከፈተው በግንቦት ነው፤ ከዚያ በፊት የነካ ወዮለት። ከተከፈተም በኋላ ለአንድ ሰው በቀን ስድስት ነው፣ በቃ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች የሆነ የስቴቱ ልጅ ፈቃድ አያስፈልገውም። ይቺን የመጨረሻዋን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

«ዓሣው ሲያዝ መጀመሪያ የሚወጣው ቢላ ሳይሆን ሜትር ነው» አለ ወንድሜ። «መጠኑ ካልሆነ ወደ ውሃው ትመልሰዋለህ።»

እንዲህ ያለ የታረመ ኑሮ! በማግስቱ ጠዋት ለባለቤቴ ነገርኳት፤ ዓሣ አጠምዳለሁ፣ ነገር ግን በሕግ።

«የት?» አለች። ጥያቄዋ ያን ጊዜ ቀላል መስሎኝ ነበር።

የኛም አገር ሕግ አለው። አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ሄጄ ነጋሪት ጋዜጣ መግዛት የድሮ ሥራዬ ስለነበር እግሬ መንገዱን ያውቃል። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ይባላል። ልክ እንደ ሁሉም አዋጅ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ ነው፤ ሁለቱንም አነበብኩ፣ አንዱ ለሌላው የደበቀው ነገር እንዳለ ለማወቅ። ፈቃድ የሚል ቃል አለበት። ተቆጣጣሪ የሚል አለበት። በመርዝና በፈንጂ ዓሣ መያዝ ክልክል ነው።

መርዝ ሲባል እናንተ የፋብሪካ ኬሚካል ይታያችሁ ይሆናል። የገጠር ሰው ግን ብርብራን ያውቃታል። የዛፏ ፍሬ ተወቅጦ ወንዝ ላይ ሲበተን ዓሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፋል፤ ትልቁም ትንሹም፣ የሚበላውም የማይበላውም። ጣና ዙሪያ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የሐይቁ ነጭ ዓሣ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዝርያዎች ያሉት ጉደኛ ቤተሰብ፣ ክረምት ሲገባ እንቁላሉን ለመጣል እንደ ጉማራና እንደ ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣል። ታዲያ መረብ የሚዘረጋው ይኼኔ የወንዙ አፍ ላይ ነው። ልትወልድ ሆስፒታል በር የደረሰችን ሴት እንደመጥለፍ ያለ ሥራ! አዋጁን ሳነብ ለዚህ ለዚህ የወጣ መሆኑ ገባኝ። አንድ ዘንግና ሃያ መንጠቆ ይዞ «ልዝናናበት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ሽማግሌ ሕግ አውጪው አእምሮ ውስጥ ብዙ ቦታ የያዘ አልመሰለኝም።

ቢሆንም ጠየቅሁ። የመጀመሪያው ቢሮ የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ልጅቷ ትሁት ነበረች፣ ወንበርም ሰጠችኝ።

«የዓሣ ማጥመድ ፈቃድ ፈልጌ ነበር።»

«ስንት ናችሁ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ማኅበር የለዎትም?»

«ዕድር አለኝ።»

ቅጽ አወጣች። ስም፣ የጀልባ ብዛት፣ የመረብ ብዛት፣ በዓመት የሚመረት ዓሣ መጠን። እስክሪብቶዋን አንስታ ቀና ብላ አየችኝ፤ «ስንት ኩንታል ያጠምዳሉ?»

«ለመዝናናት ነው፣ ልጄ።»

«እሱ ገባኝ። በኩንታል ስንት ይሆናል?»

ከዚያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ጠየቀችኝ። ጴጥሮስ ትዝ አለኝ። ወንጌል ላይ ሐዋርያቱ ዓሣ የሚይዙት በመረብ ነው፤ ጌታ ጴጥሮስን መንጠቆ እንዲጥል ያዘዘው አንዴ ነው፣ እሱም ለግብር ነው። መጀመሪያ የምትወጣውን ዓሣ አፏን ክፈት፣ ገንዘብ ታገኛለህ፣ ለኔና ላንተ ክፈል አለው። እንግዲህ በመንጠቆ ማጥመድና ግብር ከጥንትም አብረው የሚሄዱ ነገሮች ናቸው ማለት ነው፤ ልጅቷ አልተሳሳተችም። ለመለያ ቁጥሩ ግን የጡረታ ደብተሬን ነበር የያዝኩት። ማመልከቻዬን ተቀበለችኝና «አዲስ አበባ ውስጥ ሐይቅ ስለሌለ ውሃው ያለበት ሄደው ቢጠይቁም ጥሩ ነው» አለችኝ። ሁለተኛው ቢሮ «የነዋሪነት አድራሻዎ አዲስ አበባ ስለሆነ እዚያው ይጠይቁ» አለኝ። ሦስተኛው ባለሙያው መስክ ወጥቷል አለ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ፤ አራቱንም መስክ ነበር። ሳልደብቅ ልናገር፣ ቀናሁበት።

የክፍለ ከተማችን ስም ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ? ከድሮው የሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ጣቢያ ነው፤ ሽቦ ሳይኖረው ወሬ በንፋስ የሚልክ ስልክ፣ ንፋስ ስልክ። የኔም ማመልከቻ በዚያው መሥመር የተላከ ይመስለኛል። በአየር ላይ ነበር፣ ማንም አይቶት አያውቅም።

ወንድሜ ሊመለስ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ትዕግሥቱ አለቀ። «ቢያንስ አወራወሩን ላሳይህ» ብሎ እየጎተተ ትንሹ አቃቂ ዳር ወሰደኝ። ለልምምድ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቤ ነበር፤ ከዚያ ግን ዓሣ በሌለበት ማጥመድ ማጥመድ አይባልም ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ልጅ ሳለሁ ከመካኒሳ በታች በዚህ ወንዝ ዋኝተንበታል። ዛሬ ቀለሙ እንደ ቀኑ ነው፤ አንድ ቀን ቡና፣ አንድ ቀን የሳሙና አረፋ። እየጎረፈ ይሄድና አባ ሳሙኤል ላይ ከታላቅ ወንድሙ ከትልቁ አቃቂ ጋር ይገናኛል። እዚያ ያለው ግድብ በጣሊያን ዘመን ለመብራት የተሠራ ነው፤ ስንት ዓመት ቆሞ ከርሞ በ2009 በቻይና እርዳታ ታድሶ 6.6 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ። አንዳንዴ ማታ አምፖሌን ሳበራ፣ ጠዋት የደፋሁት የልብስ እጣቢ ተመልሶ የመጣ ይመስለኛል።

ወንድሜ ዘንጉን ገጣጠመ። ልጆች ተሰበሰቡ፤ ወዲያው ደግሞ ሥራ ፈቶች፤ ከነሱ ኋላ ጎመን የሚያጠጡ ሰዎች። መጀመሪያ የወረወርኩት ኋላዬ ቆሞ የነበረ ሰው ኮፍያ ላይ ተሰካ። ሁለተኛው ባሕር ዛፍ ላይ። ሦስተኛው ውሃ ውስጥ ገባ፣ ባዶውን ወጣ። አራተኛውን ስስብ ከበደኝ፤ ዘንጉ ጎበጠ፤ ልጆቹ «ያዘ! ያዘ!» እያሉ ዘለሉ። ልቤ ደረቴን መታው። እየጠመጠምኩ፣ እየጠመጠምኩ አወጣሁት። ጥቁር ፌስታል። ጭቃ የሞላው፣ ባለ ሁለት ጆሮ ፌስታል።

ወንድሜ በስልኩ እየቀረጸኝ «ለካው!» አለ። ሜትሬን አወጣሁ፤ ከጆሮው እስከ ቂጡ አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር። «ያንሳል፤ ልቀቀው!» ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም የሚኒሶታውን ሥርዓት ተከትዬ በሁለት እጄ፣ በክብር፣ ወደ ውሃው መለስኩት።

«አባቴ!»

ደንብ አስከባሪ ነው። የደንብ ልብሱ የተተኮሰ፣ ወጣት ልጅ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

ነገርኩት። እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት ሰማኝና «ከወንዝ ማውጣቱን የሚከለክል ነገር አላየሁም። ወንዝ ውስጥ ቆሻሻ መጣል ግን ያስቀጣል» አለ።

«እኔ እኮ አልጣልኩም፣ መለስኩት እንጂ።»

«ሲመልሱት አይቻለሁ።»

ከተማው በ2017 ስላወጣው የወንዝ ዳርቻና የወንዝ ብክለት ደንብ አስረዳኝ። እኔ እንግዲህ ለሦስት ወር ደንብ ስፈልግ የከረምኩ ሰው ነኝ፤ ደንቡ ራሱ በሁለት እግሩ ቆሞ ሲያናግረኝ ደስ አለኝ ብል ታምኑኛላችሁ? በምን መልክ እንደሚፈጸም፣ ለአንድ ሰውና ለድርጅት ቅጣቱ እንደሚለያይ ጠየቅሁት። ልጁ ግራ ገባው። ሰው ሲቀጣ ይጮህበታል እንጂ ንዑስ አንቀጽ አይጠይቀውም። በመጨረሻ በሽበቴ ይመስለኛል፣ አልቀጣኝም። «ፌስታሉን መልሰው ያውጡት» አለ፤ ፍርዱ ይህ ነበር።

ያንኑ ፌስታል ለማጥመድ አርባ ደቂቃ ፈጀብን። በመካከሉ ሦስት ሌሎች ፌስታሎች፣ አንድ የልጅ ጫማና የአልጋ ሽቦ ያዝን፤ እነዚያንም መልሶ መጣል አይቻልም፣ ወጥተዋል። ሕዝቡ በሁለት ተከፍሎ «ያኛው ነው»፣ «አይደለም፣ ያኛው ጆሮው የተቀደደ ነበር» እያለ ይከራከራል። ደንብ አስከባሪው ራሱ ሱሪውን ሰብስቦ ቦታ ያሳየኝ ጀመር። በመጨረሻ አርባ አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነ ወጣ፤ ለካሁት። ሁሉን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለን፣ ተሸክመን፣ ሐና ማርያም ድረስ የቆሻሻ ገንዳ ፍለጋ በእግር ሄድን። ቤት ስገባ ባለቤቴ በር ላይ አሸተተችኝና «ዓሣው ሞቶ የሰነበተ ነው» አለች።

ከዚህ በኋላ ዓሣ ወዳለበት መሄድ ግድ ሆነ። ገፈርሳና ለገዳዲ የከተማው መጠጥ ውሃ ናቸው፤ ጥበቃ አላቸው፣ አያስጠጉም። ወንድሜ «ባቱ!» አለ። ድሮ ዝዋይ የምንላት ናት፣ ሐይቋ ደንበል፤ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ንጋት ላይ ከቃሊቲ ተሳፈርን። አንድ ኬላ ላይ ፈታሹ ያንን ረዥም አረንጓዴ ከረጢት አየና ፊቱ ተለዋወጠ፤ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ከኔ ሸሽቶ መስኮት ለመስኮት ተጣበቀ። ከፍቼ አሳየሁ። ፈታሹ መዘውሩን ሦስት ጊዜ አዙሮ ድምፁን ካዳመጠ በኋላ «ለዚህ ፈቃድ አለዎት?» አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተሸማቅቄ አላውቅም። «በሂደት ላይ ነው» አልኩ። አሳለፈን።

ባቱ ዓሣ የሚራገፍበት ዳር አባ ኮዳዎች እንደ ዕድር ዳኛ ኮት ለብሰው፣ አንገታቸውን ቀብረው ቆመዋል። ማዶ ደሴቶቹ በጉም ውስጥ ይታያሉ፤ ቱሉ ጉዶ ላይ የደብረ ጽዮን ገዳም አለ። ከመረቡ ዓሣ እየለቀሙ ካሉት አንድ ዕድሜው ከኔ የሚጠጋ አስጋሪ ዘንድ ሄጄ ሰላምታ ሰጠሁና ፈቃድ የሚጠየቀው የት እንደሆነ ጠየቅሁት። ዘንጉን አየ።

«በመንጠቆ? እሱ የልጆች ነው፣ ወዳጄ።»

«ሕጉ ለልጅና ለአዋቂ አይለይም።»

«የቱ ሕግ?»

315/1995 አልኩት። የሎተሪ ቁጥር እንደነገሩት ሰው ትንሽ አሰበና ወደ መረቡ ተመለሰ። ከመረቡ አንዲት ቆሮሶ አወጣ፤ ሲይዛት አፏን ከፈተችና እንደ ምስር የደቀቁ ጫጩት ዓሣዎች መዳፉ ላይ ተፋች። ሴቷ ቆሮሶ እንቁላሏንም ልጆቿንም አፏ ውስጥ ነው የምታሳድገው። ሰውዬው ጣሳ ውስጥ ውሃ ቀዳና ጫጩቶቹን አጠራቅሞ፣ እናቲቱንም አስከትሎ፣ ወደ ሐይቁ ደፋቸው። ጴጥሮስ የከፈተው አፍ ገንዘብ ነበረበት፤ ይህኛው ይህ ነበረበት።

እንባዬ ሊመጣ ምንም አልቀረው፤ ወደ ጎን ዞሬ ክምሩን ባላይ ኖሮ ይመጣ ነበር። እዚያው አጠገቡ ጣት የማያህሉ ቆሮሶዎች ተከምረዋል።

«እነዚህስ?»

«እነዚህ ሞተው ነው የወጡት።» ቀጥሎ «ትልቅ ማለት መዳፍ የሚሞላ ነው» ብሎ መዳፉን ዘረጋልኝ። ከዚያ ገዢ መጣ። የሰውዬው መዳፍ ስትለካ ስትጠብ ስትሰፋ በዓይኔ አየሁ፤ ለገዢ ስታሳይ ጣቶቿ ይታጠፋሉ፣ ዓሣውም ያድጋል። ሜትሬን ከኪሴ ላወጣ ስል ወንድሜ እጄን ያዘኝ።

ክር ሳልጥል እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ዘንጉን ገጣጥሜ፣ ትል ሰክቼ፣ መንጠቆውን ከውሃው አንድ ክንድ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ወንድሜ ሰደበኝ። አልጣልኩም። ፈቃዴ በሂደት ላይ ነው።

አንድ አሥር ዓመት የሚሆነው ልጅ ብዙ ጊዜ ካየኝ በኋላ «አባባ፣ ውሃው ውስጥ እኮ ነው የሚገባው» አለ።

ይኼኔ ነው መጽሐፉ ትዝ ያለኝ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በታች! ሚኒሶታ ውስጥ ነው እርግጥ፤ ቢሆንም የትም ያልተጻፈ ሕግ ከመከተል የሆነ ቦታ የተጻፈ መከተል ይሻላል። ዘንጉን ለልጁ ሰጠሁት። ወረወረ፤ እኔ ከሰው ኮፍያ ላይ የሰካሁትን መንጠቆ እሱ ሳር ዳር እንደ ጨው በተነው። አሥር ደቂቃ አልሞላም። ዘንጉ ጎብጦ ውሃውን ነካ፤ ልጁ እግሩን ተከለ፤ ወንድሜ «ክር ልቀቅለት! ልቀቅለት!» እያለ በእንግሊዝኛ ይጮሃል፤ ልጁ በአማርኛም አልሰማው። እየጎተተ ወደ ኋላ ሮጠ። «ቋ» አለ፤ ዘንጉ ከሁለተኛው መገጣጠሚያ ተሰበረ፤ ዓሣው ግን ሳሩ ላይ ወጥቶ ነበር። ጺማም፣ ጥቁር፣ የሚያንሸራትት፣ ክንድ የሚያህል አምባዛ።

ባለቤቴን አውቃታለሁ። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን አትብሉ የሚለው የኦሪት ሕግ ቤታችን ውስጥ ከነጋሪት ጋዜጣ በላይ ይከበራል። በሚኒሶታ ተፈቅዶ በሙሴ የተከለከለ ዓሣ ይዤ ቆምኩ። ልጁን «ላንተ ይሁን» አልኩት፤ ሳይጠራጠር ትከሻው ላይ ጥሎት ሄደ። አስጋሪው መረቡን እያጠፈ በዓይኑ መዝኖ «ሦስት ኪሎ አይሞላም?» አለ።

ስንመለስ ሞጆን አልፈን ስልኬ ጮኸ። የመጀመሪያው ቢሮ ልጅ ናት፤ ድምፅዋን ወዲያው ለየሁት።

«ፋይልዎን ላንቀሳቅስ ነበር፤ አንድ ቦታ ባዶ ነው። የዓመት ምርት የሚለው።»

የተሰበረውን ዘንግ ጭኔ ላይ አየሁት። ልጁ ነው የያዘው ብላት ሌላ ቅጽ ይመጣል።

«ዜሮ ነጥብ ዜሮ ሦስት ኩንታል» አልኳት።

ጻፈችው።